ዓይኑ መቼ ጎደጎደ?

ሐሙስ የመለኪያ ቀን ነው። ሰሜን ወሎ ደጋ ላይ ባለች አንዲት ጤና ኬላ ደጃፍ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ገና በማለዳው ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ሁለት ሰዓት የተጓዘች አለች፤ ሦስት ሰዓትም የተጓዘች አለች። ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ባለሦስት ቀለሙን የክንድ መለኪያ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ግራ ክንድ ላይ ጠምጥማ ታነባለች። መለኪያው ቀዩ ላይ አረፈ፤ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች። የሁለቱን እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣቶቿ ተጭና ለቀቀች፤ አልሰረጎዱም። መዘነችው። ይህን ሁሉ ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ በቃት። ከዚያ አግዳሚውን ሳብ አደረገችና ከእናትየዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ተቅማጥ አለው ብለሽኛል። መቼ ጀመረው?»

«ከሚካኤል ወዲህ ነው።»

«ዛሬ አሥራ ስድስት ነው፤ አራት ቀን ሆነዋ። በቀን ስንቴ ያስቀምጠዋል?»

«ኧረ እሱስ አይቆጠርም፣ እህቴ። ትናንት ብቻ አምስት ስድስት ጊዜ።»

«እንደ ውኃ ነው? ደም አለው?»

«ውኃ ነው። ደምስ የለውም።»

«ዓይኑስ? ከከሳ ጀምሮ እንዲህ ነበር ወይስ አሁን ነው የጎደጎደው?»

እናትየዋ የልጇን ፊት ወደ በሩ ብርሃን አዞረችና ትክ ብላ አየችው።

«ከከሳማ ቆይቷል። ዓይኑ ግን እንዲህ አልነበረም። ትናንት ማታ ነው የገባው።»

ባለሙያዋ ካርዱ ላይ አስቀድማ የጻፈችው ይህን የመጨረሻውን መልስ ነው። ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው የማረጋጊያ ክፍል እንዲላክ ያደረገውም ከክንዱ ልኬት ይልቅ እናቱ ስለ ዓይኑ የተናገረችው ቃል ነው።

ስለ ሕፃናት የምግብ ፕሮግራም ሲወራ ሰው ትዝ የሚለው መለኪያው ነው፤ ሚዛኑ፣ የቁመት ሰሌዳው፣ ባለቀለሙ ጥብጣብ። ፎቶ የሚነሣውም እሱ ነው። ከመለኪያው ቀጥሎ ያለው ጥያቄና መልስ፣ የልጁን የጤና ታሪክ ከእናቱ አፍ መቀበል፣ ለፎቶ አይመችም። እኔን ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ክፉኛ የከሳ ልጅ ገላ ብዙ ነገር ይደብቃል፤ የተደበቀውን የምታውቀው አቅፋው የምታድረው ሴት ናት። እሷን በወጉ ያልጠየቀ ፕሮግራም ልጁን መዝኖታል እንጂ አልመረመረውም።

የዓይኑ ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። በተቅማጥ ውኃ ያለቀበትን ሕፃን ለመለየት ጤና ባለሙያ ሁሉ የሚማራቸው ምልክቶች አሉ፦ የጎደጎደ ዓይን፣ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ የሆድ ቆዳ፣ መነጫነጭ ወይም መፍዘዝ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ግን ውኃ ሳይጎድለውም እነዚሁ ሁሉ ሊኖሩት ይችላሉ። ከዓይኑ ኋላ ያለው ስብ አልቋልና ዓይኑ ይገባል። ከቆዳው ሥር ያለው ስብም ስለጠፋ የተቆነጠጠው ቆዳ እንደቆመ ይቀራል። መነጫነጩና መፍዘዙም የረኃቡ የራሱ ጠባይ ነው። እግሩና ፊቱ ያበጠ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ፈሳሽ የሞላው ይመስላል፤ በደም ሥሩ ውስጥ ያለው ግን ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ መርማሪው በዓይኑ የሚያየውን ማመን አይችልም። የሚቀረው «መቼ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ዓይኑ ከወር በፊትም እንዲሁ ከነበረ ያጎደጎደው ክሳቱ ነው። ውኃ ውኃ የሚል ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ በአንድ ሌሊት ከገባ ግን ያጎደጎደው የውኃ ማጣት ነው።

እዚህ ላይ መሳሳት በሁለቱም በኩል ይገድላል። ውኃ ያለቀበት ልጅ ካልተተካለት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ያላለቀበት ልጅ በግሉኮስ ከረጢት በደም ሥሩ ፈሳሽ ቢንቆረቆርለትም እንዲሁ ሊሞት ይችላል። በረኃብ የተጎዳ ሰውነት ለመኖር ሲል ሥራውን ሁሉ ይቀንሳል፤ የልብ ጡንቻ ይሳሳል፣ ኩላሊት ትርፍ ጨውና ውኃ ማስወጣት ያቅተዋል፣ በየሕዋሱ ውስጥ ሶዲየም ይከማቻል፣ ፖታሲየም ይጎድላል። ይህን ዕውቀት ካዳበሩት ቦታዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዋተርሎው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጃማይካ ኪንግስተን ያቋቋሙት የምርምር ክፍል ነው። ለእነዚህ ልጆች ለብቻ የተዘጋጀው ሪሶማል የሚባለው የሚጠጣ ፈሳሽም የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በሊትር ውስጥ ያለው ሶዲየም 45 ሚሊሞል ነው፤ በየፋርማሲው የምናውቀው ኦ.አር.ኤስ. ግን 75 አለው። የሪሶማል ፖታሲየም ደግሞ የኦ.አር.ኤስ. እጥፍ ነው። ሪሶማልም ቢሆን ተቅማጥ ላልያዘው ልጅ እንዲሁ አይሰጥም፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ ትንፋሹና የልብ ምቱ እየተቆጠረ ነው የሚጠጣው።

እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የታተመ ጥናት የቀደሙ ሪፖርቶችን ሰብስቦ ሲያይ ያገኘው ነገር ያሳዝናል። በከባድ የምግብ እጥረት ሆስፒታል ከተኙ ሕፃናት ውስጥ የሚሞቱት ከ1950ዎቹ አንሥቶ በብዙ ቦታ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሆነው ቆይተዋል። መድኃኒቱ ተሻሽሏል፣ ሆስፒታሉ በዝቷል፤ ሞቱ ግን ብዙም አልቀነሰም። ጥናቱ ዋናውን ጥፋት ያየው በአያያዙ ላይ ነበር፦ ያለቦታው የተሰጠ ፈሳሽ፣ እብጠት ለማውረድ የተሰጠ የሚያሸና መድኃኒት፣ ሰውነቱ ገና ሳይችል የቀረበ ከባድ ምግብ። ከሦስት ዓመት በኋላ ድርጅቱ ያወጣው የሐኪሞች መመሪያ የጤና ታሪክ አጠያየቅን ለብቻ ዘርዝሮ አስቀመጠ፦ ከመታመሙ በፊት ምን ይመገብ ነበር? ጡት ይጠባል? ባለፉት ጥቂት ቀናት ምን ቀመሰ፣ ምን ጠጣ? ዓይኑ ሰሞኑን ጎድጉዷል? ትውከቱና ተቅማጡ ስንት ቀኑ ነው፣ ምን ይመስላል? ሽንቱን የሸናው መቼ ነው? ኩፍኝ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ካለበት ሰው ጋር ተገናኝቷል? ከወንድም ከእህቶቹ የሞተ አለ? ሲወለድ ክብደቱ ስንት ነበር? መቼ ተቀመጠ፣ መቼ ቆመ? ክትባቱን ወስዷል?

ሕክምናው በሆስፒታል ብቻ በነበረበት ዘመን የረሱትን ጥያቄ ነገም መጠየቅ ይቻል ነበር፤ እናት ከልጇ ጋር ለሳምንታት ትተኛለችና። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ቤት የቀሩት ልጆች፣ ያልታረመው እርሻ፣ የጎደለው ጎጆ። የዚህ አሠራር መለወጥ ከኢትዮጵያ ጋር የቅርብ ግንኙነት አለው። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሐዲያ ዞን በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ 170 ልጆች ሆስፒታል ሳይተኙ፣ በየሳምንቱ እየተመላለሱ፣ ከለውዝ የተሠራውን አልሚ ምግብ ቤታቸው እየበሉ ታከሙ። 144ቱ ዳኑ፤ 7 ሞቱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ይህን መንገድ በጋራ መግለጫ ደገፉት። እኛም ዘንድ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተስፋፍቶ ስለነበር፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ሕክምናው እስከ ጤና ኬላ ወረደ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስንቱን ልጅ እንዳተረፈ አስቤ ዛሬም ልቤ ይሞላል። ግን የጥያቄውን ክብደትም አብሮ ወደ ጤና ኬላው አወረደው። አሁን በአንዲት ጠዋት መወሰን ያለበት ልጁ ዛሬውኑ ከለውዝ የተሠራው ፕላምፒ ነት ተሰጥቶት ቤቱ ይግባ ወይስ ወደ ማረጋጊያ ክፍል ይሂድ የሚለው ነው። ውሳኔው በሦስት ነገር ላይ ይቆማል፦ እብጠቱ፣ የምግብ ፍላጎቱ፣ ሌላ አጣዳፊ ሕመም መኖር አለመኖሩ። ሦስተኛውን ግማሽ በግማሽ የምትመልሰው እናት ናት። የጠጣውን ሁሉ ያስመልሰዋል? ጡት መሳብ አቅቶታል? አንዘፍዝፎት ያውቃል? ትናንት ሌሊት ተንዘፍዝፎ ጠዋት በእናቱ ጀርባ ላይ የተኛ ልጅ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሲታይ የደከመው እንጂ ያመመው አይመስልም። ትኩሳትን እንኳ ማመን አይቻልም፤ የተጎዳ ሰውነት ኢንፌክሽን ይዞት ሙቀት ላያወጣ፣ እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ለከባድ እጥረት ሕክምና የሚገባ ልጅ ሁሉ ምልክት ባይታይበትም አሞክሳሲሊን የሚጀመርለት ለዚህ ነው።

ከጥያቄ የሚቀድም ነገርም አለ። ሦስት ሰዓት ታዝሎ የመጣ ልጅ ከሌሊቱ ጀምሮ ምንም ካልቀመሰ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያ ባለበት በዴሲሊትር ከ54 ሚሊግራም በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል። መሣሪያ በሌለበት ጤና ኬላ የሚጠየቀው «ዛሬ ምን ቀመሰ?» የሚለው ብቻ ነው፤ መልሱ «ምንም» ከሆነ እስክሪብቶው ይቀመጥና በስኳር የተበጠበጠ ውኃ በማንኪያ ይሰጠዋል። ሌላው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ወረፋ እየጠበቁ ለተቀመጡት ሁሉ በር ላይ የስኳር ውኃ የምታዞር ባለሙያ ማየት ያስደስታል።

የጊዜ አቆጣጠሩን ነገር ብዙ ሰው እንቅፋት አድርጎ ያወራዋል፤ እናቶች ቀን አያውቁም ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሚካኤል ወዲህ ያለች ሴት ከ12 ወዲህ ብላለች፤ ለጊዮርጊስ ያለች 23ን ጠርታለች። ከዚህ የጠራ ቀን ከየት ይመጣል? ሙስሊሟ እናት በረመዳን አጋማሽ ወይም አረፋ ሲቃረብ ትላለች፤ ሌላዋ በገበያ ቀን ትቆጥራለች። የልደት ካርድ የሌለው ልጅ ዕድሜም እንዲሁ ይገኛል፦ ጤፍ ሲታጨድ ነው የተወለደው፣ ለመስቀል ክርስትና ተነሥቷል፣ ከጎረቤት ልጅ በሁለት ወር ይበልጣል። የክንዱ መለኪያ የሚሠራው ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ ነው። ስለዚህ ይህ ሒሳብ ሲሳሳት ምዝገባው ሁሉ ይሳሳታል። ጎበዝ ባለሙያ የአካባቢውን በዓላት፣ ዝናቡ የጠፋበትን ዓመት፣ መንገዱ የተሠራበትን ክረምት በወር በወሩ ጽፋ ግድግዳዋ ላይ ትለጥፋለች።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። «ስንት ወለድሽ? ስንቱ አሉ?» ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሳይታሰብበት ነው፤ ካርዱ ላይ ቦታ ስላለው ብቻ፣ ጎረቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እየሰማች። አንዲት ሴት ቀብራ የመጣችውን ልጅ በዚያ መሃል እንድትቆጥር ይፈለጋል። ጥያቄው መቅረት የለበትም። ከዚህ ልጅ በፊት ሌላው በተመሳሳይ ዕድሜ፣ በተመሳሳይ ክሳት ከሞተ፣ ቤቱ ውስጥ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ኤች.አይ.ቪ. ሊኖር ይችላል፤ ወይም የቤቱ ችጋር ክረምት በመጣ ቁጥር ልጅ የሚወስድ ሊሆን ይችላል። ግን ይህ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ስለዚህኛው ልጅ ከተወራ በኋላ፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ «ከእሱ በፊት ያጣሽው ልጅ አለ እንዴ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። አለ ካለች «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ይዘንለት» ሳይባል ወደ ሚቀጥለው ሣጥን አይታለፍም። ይህ ከሕክምናው ውጭ የሆነ ደግነት ብቻ እንዳይመስል፤ ሐዘኗ የተከበረላት ሴት ቀሪውን ታሪክ አትደብቅም።

የሚደበቀውም ቀላል አይደለም። ልጅ ጡት መሳብ አቃተው፣ አስመለሰው ሲባል እንጥል ያስቆረጡ፣ ተቅማጥ ሲይዘው ግግ ያስወጡ ቤተሰቦች አሉ። ጥርሱ ያልወጣ ድድ በስለት ተነክቶ ልጁ ለቀናት ጡት አልያዘም፤ ክሳቱ ከዚያ ጀመረ። እናትየዋ ይህን ብትናገር ጤና ኬላው ውስጥ እንደምትወቀስ ታውቃለች፤ በስብሰባ ላይ ጎጂ ልማድ ተብሎ ሲወገዝ ሰምታለች። ስለዚህ ዝም ትላለች። አብራ የመጣች አማቷ ካለች ደግሞ ያስወሰነችው እሷ ልትሆን ትችላለች። ባለሙያዋ «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ደግሞ ከዚያ ወጥተው ይረፉ፤ እኛ ቶሎ እንጨርሳለን» ብላ አሮጊቷን በአክብሮት ስታሰናብት ብዙ ጊዜ ወሬው ይለወጣል። እንደገና ማርገዟንም የምትናገረው ያኔ ነው፤ የነፍሰ ጡር ወተት ልጅ ያሳምማል ሲባል ሰምታ በድንገት ጡት አስጥላዋለች፤ በጡቱ ቦታ የተተካው ደግሞ ቀጭን የሽሮ መረቅና የተነከረ እንጀራ ነው። ስለ ራሷ ጤና፣ ስለ ደም ምርመራዋ የሚጠየቀውም ያኔ ብቻ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ላለው ጤና ኬላ በመጋረጃ የተለየች አንዲት ጥግ ከአዲስ ሚዛን ባልተናነሰ ታስፈልገዋለች ብዬ አምናለሁ።

የእናት ቃል ሁሉንም ይፈታል ማለቴ ግን አይደለም። «ይበላል?» ሲባሉ ብዙ እናቶች «አዎ» ይላሉ፤ የተሰጠውን ቀምሶ መተዉን እንደ መብላት ቆጥረው። የምግብ ፍላጎት በወሬ የማይታመነው ለዚህ ነው፤ እዚያው ይፈተናል። ጸጥ ያለ ቦታ ይፈለጋል፣ የእናትም የልጅም እጅ ይታጠባል፣ የሚጠጣ ውኃ ይቀርባል፣ ከፕላምፒ ነቱ እሽግ ለክብደቱ የተወሰነው መጠን በግድ ሳይሆን በራሱ ጊዜ ይበላል። ካልበላ ወደ ማረጋጊያ ክፍል ይላካል። ፍላጎት ማጣት በውስጥ ለተደበቀ ሕመም ከሚታመኑ ጥቂት ምልክቶች አንዱ ነውና።

ከዚህ የሚከብደው መልሱ ከእርዳታው ጋር መያያዙ ነው። 92 ግራሙ እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ በተቸገረ ቤት ይህ ከመድኃኒትነቱ በላይ እህል ነው። «ተሽሎታል» ማለት ነገ እሽጉ እንዲቀር መፍረድ መስሎ የሚታያት እናት አለች። «ለሌሎቹ ልጆች አካፍለሻል?» ሲባል ደግሞ ያላካፈለች እናት አላየሁም፤ አካፍያለሁ ብላ የምትናገርም እምብዛም የለችም። እንዴት ታካፍል አይባልም፤ አራት የተራበ ልጅ ባለበት ቤት አንዱን ብቻ መመገብ የሚችል ልብ ማን ይሰጣታል? የሚበጀው አጠያየቅ ከልጆቹ መጀመር ነው። «ሌሎቹስ ምን በሉ ሰሞኑን?» ስትባል እናትየዋ የቤቱን ማጀት ትናገራለች፤ ከዚያ ውስጥ የእሽጉም ነገር ይወጣል። መልሱ ቤተሰቡን ከሴፍቲኔት ወይም ከሌላ እርዳታ ጋር ለማገናኘት ካልዋለ ግን ባንጠይቃት ይሻል ነበር።

ባለሙያዎቹ ይህን ሁሉ አያውቁም ማለት አይቻልም። የሚያጥራቸው ጊዜ ነው፤ በአብዛኛው ጤና ኬላ የሚመደቡት ሁለት ናቸው። ክትባቱም፣ ወሊዱም፣ ወባውም፣ የቤት ለቤት ጉብኝቱም፣ ሪፖርቱም የእነሱ ነው። ድርቅ በገባበት ወር የሐሙሱ ወረፋ ሲረዝም መጀመሪያ የሚያጥረው ጥያቄው ነው። ሚዛኑ አይዘለልም፤ ቁጥሩ ወደ ወረዳ ይላካልና። የተቅማጡ፣ የሳሉ፣ የትውከቱ ሣጥን ግን «የለም» በሚል ምልክት ቁልቁል በአንድ እስክሪብቶ ሊሞላ ይችላል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲገጥመኝ ጽፋው የወጣችውን ባለሙያ ልወቅሳት አልችልም። የሚጠየቀው የሥራውን ጊዜ ሲያሰላ ለጥያቄ ምንም ደቂቃ ያልያዘው ዕቅድ ነው።

ታሪኩም በመጀመሪያው ቀን አያልቅም። በየሳምንቱ «ካለፈው ወዲህስ?» ይባላል። አብዛኛው ልጅ ክብደቱ ይጨምራል፣ ፊቱ ይመለሳል። አንዳንዱ ግን እሽጉን እየበላ፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ሚዛኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ያን ጊዜ መመሪያው ቤቱ ድረስ ሂዱ ይላል። ጤና ኬላ ውስጥ «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» ተብላ «የለም» ያለች እናት አልዋሸችም፤ ያ የሽማግሌ ሳል ነው፣ ከልጁ ጋር ምን ያገናኘዋል ብላ ነው። ባለሙያዋ ጎጆው ገብታ ቡና እስኪፈላ ስትቀመጥ፣ ልጁ ሌሊት ከማን ጋር እንደሚተኛ ስትጠይቅ፣ ከመደቡ ላይ ያለውን የአያትየውን ሳል ራሷ ትሰማዋለች። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደሆነ፣ ሌሊት ያልበው እንደሆነ፣ ልብሱ ሰፍቶት እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ሕፃን ልጅ አክታ ማውጣት አይችልም፤ ይውጠዋል። የሳንባ ነቀርሳው ነገር በእሱ ላይ ለማረጋገጥ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ በማግስቱ ጤና ጣቢያ የሚላኩት ሁለቱም ናቸው፤ ላቦራቶሪውም ሥራውን የሚጀምረው ከአያትየው አክታ ነው።